የዛፎቹ ጋሎን

ስትሮምነስ፣ ኦርክኒ ደሴት፣ ስኮትላንድ
ኦክቶበር 9 ቀን 1995

ለውድ የአጎቴ ልጅ ለሮዳ ኮርሊስ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ጉልበትሽ ብርቱ፣ ምድጃሽ ሙቅ፣ ጣሪያሽም መጪውን በረዶ የሚችል ሆኖ ያግኝሽ። እኔና ባለቤቴ ኢንጋ ለክፉ አንሰጥም። ጀልባ መጠገኑን አልተውኩትም፤ ጀርባዬ ግን እኔን መተው ጀምሯል።

እዚህ እንደምታውቂው ዛፍ የሚባል ነገር የለም። ነፋሱ አያስበቅልም። ኢንጋ አምና ከቤታችን ጀርባ አንድ ቁጥቋጦ ተክላ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ «የኢንጋ ደን» እያለ ሲቀልድባት ከርሞ፣ አንድ ቀን ነፋሱ ከነሥሩ ነቅሎ ወሰደው። አሁን ደግሞ «ደንሽ ኖርዌይ ደርሷል» ይሏታል።

ከሜፕል ዛፍ ውሃ አፍልተሽ ለላክሽልኝ ጣፋጭ ሽሮፕ እግዜር ይስጥልኝ። በየጸደዩ የምትልኪልኝ ስጦታ እስኪመጣ ኢንጋ ፖስተኛውን በመስኮት ትጠብቃለች።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አንድ የእንጨት ኩባንያ እዚያ አንቺ ጋ አባቴ ያወረሰኝን የሜፕል ጫካ ካልገዛሁ ብሎ ጽፎልኛል። ጫካውን ካየሁት ብዙ ዘመን ሆነኝ፤ ባልዲ የምትሰቅይበት፣ በየዛፉ ሥር የምትመላለሽበት አንቺ ነሽ። እንደ ድሮው ነው? የድንጋይ አጥሩ ቆሟል? አልወሰንኩም። የጠየቀ ሰው መልስ ይፈልጋልና ነው።

አምላክ ደጅሽን ይጠብቅ።

አልደን


ኢስት ሃርሎው፣ ቨርሞንት
ኖቬምበር 20 ቀን 1995

ለውድ ወንድሜ ለአልደን፣

ባሕሩ በመካከላችን ቢሆንም ሰላምታዬ ሳይረጥብ እንደሚደርስህ አምናለሁ። አንተንም ኢንጋንም ሰማይ ይጠብቃችሁ፤ የጀርባህን ነገር ሰምቼ አዝኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። በረዶው ቀድሞ መጣ፣ ደጄ ድረስ ተቆልሏል።

የድንጋይ አጥሩ ቆሟል፤ የጎረቤቴ የሮላንድ ላም ካፈረሰችው አንድ ቦታ በቀር። ሮላንድ ላሟን ወክሎ ይቅርታ ጠይቋል፤ ድንጋዩን ግን እስካሁን አልመለሰም።

በመስከረም ነፋስ አንድ ትልቅ ሜፕል ወደቀ፤ ከምንጩ በላይ ያለው፣ አንተ ልጅ ሆነህ ቅርንጫፉ ላይ የምትንጠለጠልበት። ሮላንድ በሞተር መጋዙ ቆራረጠልኝ። ግንዱ ሲከፈት ያየሁትን ልንገርህ። ዛፍ ጸደይ በመጣ ቁጥር፣ ውሃው እንዲወርድ፣ በአዲስ ቦታ ነው የሚበሳው፤ የድሮው ቀዳዳ ከላይ ይዘጋል፣ ቅርፊትም ይለብሳል፣ ሰውም ዳነ ይላል። ውስጡን ስናየው ግን አንዱም ቀዳዳ አልጠፋም። ጥቁር ጥቁር ምልክት ሆኖ እንጨቱ ውስጥ ተቀምጧል። የኔ የአምናው ከቅርፊቱ ሥር ነው። ወደ ውስጥ ስትገባ የአባዬ አለ። ከዚያም በጥልቅ፣ ከመካከሉ አጠገብ፣ ጎን ለጎን የተበሱ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። አባዬና አባትህ ሳይጣሉ በፊት አብረው የበሱት መሆን አለበት። ከኔ ልደት ይቀድማል።

እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆምኩ። ሮላንድም መጋዙን አጥፍቶ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ነካ። በኋላ «ሮዳ፣ ይሄ ግንድ የቤተሰብሽን ነገር ከቄሱ ይልቅ ያውቃል» አለኝ።

ስለ ኩባንያው የጻፍከውን አንብቤያለሁ።

በረከት ከቤታችሁ አይራቅ።

ሮዳ


ስትሮምነስ
ጃንዋሪ 4 ቀን 1996

ለውድ እህቴ ለሮዳ፣

አዲሱ ዓመት ሲገባ በመርከቦቹ ጡሩምባ ውስጥ ስምሽን ጠርቼ መልካም ተመኝቼልሻለሁ። ስለ ዛፉ የጻፍሽውን ለኢንጋ አነበብኩላት። መልሰህ አንብብልኝ አለች።

አሁን አንድ ትንሽ ነገር ላስቸግርሽ። የኩባንያው ጠበቃ «ጫካውን ለረጅም ጊዜ የምትጠቀምበት ሴት አለች» ብሎ ሰግቷል። ከዚህ ጋር የላክሁትን ወረቀት እንድትፈርሚልኝ ይፈልጋል። አንዲት መስመር ናት፦ «ጫካው የአልደን ኮርሊስ ነው፤ የምጠቀምበትም በእርሱ ፈቃድ ነው» ይላል። እውነትም አይደል? ከጸደይ በፊት ቢደርሰኝ ይላል።

ኢንጋ «ዛፎቹ ከተቆረጡ ያቺ ሴትዮ ምን ልትሠራ ነው?» አለችኝ። እኔም «ቨርሞንት ውስጥ ዛፍ ይጠፋል?» አልኳት። እንደዚያ ነው አይደል?

ጤናሽን አምላክ ያብዛልሽ።

አልደን


ስትሮምነስ
ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1996

ውድ ሮዳ፣

ሰላምሽን እመኛለሁ። ደብዳቤዬ ጠፍቶ ይሆን? ኩባንያው ሁለት ጊዜ ጻፈልኝ። ታመሽ እንደሆነ ሮላንድ እንኳ አንድ ቃል ይጻፍልኝ። አስቀይሜሽ እንደሆነም ንገሪኝ።

አልደን


ኢስት ሃርሎው፣ ቨርሞንት
ማርች 17 ቀን 1996

ለውድ ወንድሜ ለአልደን፣

በዚህች ሌሊቷ ብርድ፣ ቀኗ ሙቅ በሆነች፣ የዛፉ ውሃ በሚወርድባት ሰሞን ሰላምታዬ ይድረስህ። ጌታ ለአንተም ለኢንጋም ዕድሜ ይስጥ።

ደብዳቤህ አልጠፋም። አልታመምኩም። ወረቀቱን ከግድግዳው ሰዓት ሥር አስቀምጬ በየቀኑ ሳየው ከረምኩ። ትምህርቴን ታውቀዋለህ፤ ነፋስ እንዳይገባ ተብሎ ሽሮፑ በሚፈላበት በማፍያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው ፊደል የለቀምኩት። የማላውቀውን ወረቀት አልፈርምም ብዬ ወደ ከተማ ወርጄ ጠበቃውን ሚስተር ሆባርትን አየኋቸው። ከቦስተን የመጡት ሽማግሌ ናቸው፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ነው የመጡት።

ወረቀቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና «ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ ጫካ የምትሠሪው?» አሉኝ።

«አባቴ ከሞተ ጀምሮ። ከኔ በፊት እሱ ነበረ።»

«በግልጽ ነው? ተደብቀሽ አይደለም?»

«ሚስተር ሆባርት፣ ይኼን ሁሉ ባልዲ ምን ውስጥ ልደብቀው?»

ሳቁ። «የአጎትሽ ልጅ ውጪልኝ ብሎ ከሶሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ብዕርሽን ወደ ቦርሳሽ መልሺ» አሉኝ። «ጫካው ያንቺ ሳይሆን አይቀርም።»

የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር። የሕግ መጽሐፍ ከፍተው ጣታቸውን አሳረፉበት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከጣታቸው አይረዝምም። መሬቴን መልስልኝ ብሎ የሚከስ ሰው፣ መክሰስ ከሚችልበት ቀን አንሥቶ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ፣ ከዚያ በኋላ አይሰማም። ይርጋ ይሉታል። ማን ደግ ነው፣ ማን ክፉ ነው አይልም። ካርታው በማን ስም ነው አይልም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መቼ መጣህ?

እኔ ሕግ የሚመስለኝ የነበረው ዳኛና መዶሻ ነው። ለካ ከዳኛው ጀርባ ሌላ ዳኛ ተቀምጧል። ምንም አይናገርም፤ ይቆጥራል ብቻ። ለእያንዳንዱ ነገርም ዕድሜ ሰፍሮለታል፤ ሰውነቱ ለተጎዳ ሰው ሦስት ዓመት፣ ውሉ ለፈረሰበት ስድስት ዓመት፣ መሬቱ ለተያዘበት አሥራ አምስት።

ያኔ የሮላንድ ነገር ገባኝ። ከጭነት መኪና ላይ የወደቀ ግንድ እግሩን እንደሰበረው ነግሬህ ነበር። ባለመኪናው «ለፋሲካ እንነጋገራለን፣ ለመከር እንነጋገራለን» እያለ አቆየው፤ ሮላንድም ሰው አማኝ ነውና ቆየ። ፍርድ ቤት ሲሄድ ሦስት ዓመቱ ካለፈ ወር አልሞላውም ነበር። ዳኛዋ እግሩን አላዩም፤ ቀኑን አይተው መዝገቡን ዘጉት። «እግሬ እስከዛሬ ያነክሳል» ይላል ሮላንድ፣ «ክሴ ግን በሰላም አርፏል።»

«ይሄ ግፍ አይደለም ወይ?» አልኳቸው ሚስተር ሆባርትን።

«አንዳንዴ ነው» አሉኝ። «ግን አስቢው። ምስክር ይሞታል። ያየ ሰው ያየውን ይረሳል። ወረቀት ይቃጠላል። አያቱ ባደረገው ነገር የልጅ ልጁ ተከሶ ምን ብሎ ይመልሳል? ሰው አንድ ቀን በሩ ይንኳኳል ብሎ ሳይፈራ መተኛት አለበት። ሕጉ የሚለው፣ የሚያምህ ነገር ካለ ሰው ሳይሞትና ነገሩ ሳይረሳ ተናገር ነው።»

ከዚያ ሊሸኙኝ ሲሉ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ለመሆኑ ኪራይ ከፍለሽ ታውቂያለሽ? ለባለቤቱ ስለ ዛፎቹ ብለሽ የሰጠሽው ነገር አለ? በፈቃድ የገባ፣ ኪራይም የከፈለ ሰው መቶ ዓመት ቢቀመጥ አንድ ቀን አይቆጠርለትም። ጊዜው ቆሞ ነው የሚጠብቀው።»

ቦርሳዬን ከፍቼ ዘጋሁ። እሳቸውም ቀለል አድርገው «ሽሮፕ እንደምትልኪለት ሰምቻለሁ» አሉ። «እሱ ለዘመድ የሚላክ ስጦታ ነው። ስጦታ ኪራይ አይደለም።»

የዘገየሁብህ ለዚህ ነው፣ አልደን። ሚስተር ሆባርት የኛን ሸለቆ ልማድ አያውቁም። አንተም ረስተኸዋል፤ በደብዳቤህ ሁሉ ስጦታ ትለዋለህ። እዚህ የሰው ዛፍ የሚበሳ ሰው፣ ከመጀመሪያው ፍል የወጣውን አንድ ጋሎን ሽሮፕ፣ ያን ነጣ ያለውን፣ በቆርቆሮ ሞልቶ፣ ምንም ሳይሸጥ ለባለዛፉ ያደርሳል። የዛፎቹ ጋሎን ነው የሚባለው። አባዬና አባትህ በተጣሉበት ዘመን፣ በቤተ ክርስቲያን እንኳ አንዱ በገባበት በር ሌላው በማይገባበት ዘመን፣ አባዬ በየጸደዩ ያን ጋሎን የአባትህ ደረጃ ላይ አስቀምጦ ሳያንኳኳ ይመለስ ነበር። አባትህም በልቶ ሲጨርስ ባዶውን ቆርቆሮ አጥቦ የአጥሩ ቋሚ ላይ ይሰቅለው ነበር። ቃል የለም፣ ሰላምታ የለም። ግን ቆርቆሮው ይሄዳል፣ ቆርቆሮው ይመለሳል። አባዬ ሊሞት ሲል የተናገረው ስለ ነፍሱ አልነበረም። «የዛፎቹን ጋሎን እንዳትረሺ» ነው ያለኝ።

ስለዚህ ስጦታ ልኬልህ አላውቅም። እያንዳንዱ ጋሎን «ጫካው የአልደን ነው» እያለ ነው ባሕር የሚሻገረው። አንተ አንድም ቀን ስለ ጫካው ሳታስብ፣ እኔ በገዛ እጄ ጊዜውን ሳቆምልህ ኖሬያለሁ።

ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አፌን ብይዝ ኖሮ ይበቃኝ ነበር።

ወረቀቱ ተፈርሟል፤ ከዚህ ጋር ነው። ጋሎኑንም በመርከብ ልኬዋለሁ። ዛፎቹ ከተቆረጡ ምን እንደምሠራ ኢንጋ ጠይቃለች። እኔ ጋ ያለው መሬት ድንጋይና ጥድ ነው፤ የምኖረው ከዚያ ጫካ በሚወርደው ነው። ምን እንደምሠራ አላውቅም ብለህ ንገራት።

ሰላም እደሩ።

ሮዳ


ስትሮምነስ
ሜይ 8 ቀን 1996

ለውድ እህቴ ለሮዳ፣

ምን ብዬ ሰላም እንደምልሽ ሳስብ ቀናት አለፉ። እንዲያው አምላክ ያክብርሽ።

ደብዳቤሽን ወደብ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ከዚያ ቤት ወስጄ ለኢንጋ አነበብኩላት። ማንኪያዋን አስቀምጣ «ገንፎ ላይ ስናፈስሰው የኖርነው የመሬት ካርታ ነበር እንዴ?» አለች። ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ ከየት እንደመጣ ጠፋኝና አቆምኩ። የአጥሩን ቋሚ አስታወስኩት። ባዶውን ቆርቆሮ ወስጄ የምሰቅለው እኔ ነበርኩ። ለምን እንደሆነ አባቴ ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም።

ኩባንያውን አሰናብቼዋለሁ። ወረቀትሽን አልላክሁላቸውም።

አሁን እኔም የማታውቂውን ልንገርሽ። አባቴ ሊሞት ሲል እጄን ይዞ አስማለኝ። የተጣሉበት ነገር ከሆዱ አልወጣም ነበር፤ አባትሽ በደካማ በረዶ ላይ ነድቷቸው ኩሬው ውስጥ የሰመጡት ሁለቱ የአባቴ ፈረሶች። «ይህን ጫካ ለወንድሜ ለኦሪን ወይም ለኦሪን ልጅ በፊርማህ እንዳትሰጥ። በሕይወትህም፣ በኑዛዜህም» አለኝ። ወጣት ነበርኩ፤ እሱም ዓይኔን እያየ ነበር። ማልሁ። ኢንጋ የሞተ ሰው አይሰማም ትለኛለች። እኔ ግን የያዘኝ እጅ እስካሁን ይሰማኛል። ስለዚህ ብዕር አንሥቼ ጫካው ያንቺ ይሁን ብዬ ልጽፍልሽ አልችልም። ብችል ዛሬ አደርገው ነበር።

አንድ ነገር ጠበቃውን ጠይቂልኝ። በፈቃድ ለገባ ሰው ቆሞ የነበረው ጊዜ እንዲቆጠር የሚያደርገው ምንድን ነው? ለማወቅ ያህል ነው።

ብርታት ይስጥሽ።

አልደን


ኢስት ሃርሎው፣ ቨርሞንት
ጁን 22 ቀን 1996

ለውድ ወንድሜ ለአልደን፣

ዝናቡ በጊዜው፣ ሣሩም በልክ ነው፤ እናንተንም በጎ ያሰማን። ስለ ፈረሶቹ አባዬም እስኪሞት ድረስ በእንቅልፉ ያወራ ነበር። መሐላውን ግን ዛሬ ገና ሰማሁ። ቃልህን ስለጠበቅህ አልቀየምህም፤ እኔም የአባቴን ቃል ነው የጠበቅሁት።

ጥያቄህን ይዤ ሄድኩ። ሚስተር ሆባርት እንዲህ አሉ፦ ባለመሬቱ ፈቃዱን ሲያነሣ፣ ኪራዩን አልቀበልም ብሎ ሲመልስ፣ ውጪልኝ ሲል፤ ያቺ ሴትም አልወጣም ብላ ስትገባ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። እሱ በአሥራ አምስቱ ዓመት ውስጥ በፈለገው ቀን ከሶ ሊያስወጣት ይችላል። ካልከሰሰ መሬቱ የእሷ ነው፤ ፊርማም አያስፈልግም። «ወዳጅነት ጊዜውን ያቆመዋል፣ ጠብ ያስነሣዋል» አሉኝ። እንዴት ያለ ነገር ነው?

ከዚያ በመስኮት እያዩ «ይኸ የአጎትሽ ልጅ ብልህ ነው ወይስ ክፉ?» አሉኝ።

«ጀልባ ጠጋኝ ነው» አልኳቸው።

ለምን እንደጠየቅህ አልጠይቅህም። በደህና ቆዩ።

ሮዳ


ስትሮምነስ
ኤፕሪል 14 ቀን 1997

ለወይዘሪት ሮዳ ኮርሊስ፣

የላክሽው ጋሎን ሳይከፈት ተመልሶልሻል። ከእንግዲህ እንዳትልኪ፤ አልቀበልም።

እኔም ሆንኩ አባቴ ለአንቺም ሆነ ለአባትሽ ሰጥተነው የነበረው ፈቃድ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ተነሥቷል። የፈረምሽውን ወረቀትም ምድጃ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ወደ ጫካዬ እንዳትገቢ። ብትገቢ የምትገቢው ያለ ፈቃዴ ነው።

ደብዳቤ እንዳትጽፊልኝ። እኔም አልጽፍልሽም።

አልደን ኤም. ኮርሊስ


ኢስት ሃርሎው፣ ቨርሞንት
ሜይ 1 ቀን 1997

ለሚስተር አልደን ኮርሊስ፣

ደብዳቤዎና ጋሎኑ ደርሰውኛል።

ትናንት ጠዋት ጫካው ገብቻለሁ። እንጨት ፈልጫለሁ፣ ባልዲዎቼንም እዚያው አጥቤያለሁ። ነገም እገባለሁ። በሚመጣው ጸደይም እገባለሁ። አልወጣም።

ፍርድ ቤቱ የት እንደሆነ ያውቃሉ።

ሮዳ ኮርሊስ


ኢስት ሃርሎው፣ ቨርሞንት
ሜይ 2 ቀን 2012

ለውድ፣ ለናፈቅኩት ወንድሜ ለአልደን፣

እንደምን ከረምክ? እንደምን ሰነበትክ? ያልተባባልናቸው ሰላምታዎች ሁሉ ተጠራቅመው ይድረሱህ። ጀርባህ እንዴት ሆነ? ኢንጋ በየገናው የምትልከው የወደቡ ሥዕል ያለበት ካርድ ይደርሰኝ ነበር። «ደህና ነን» ብቻ ትል ነበር፤ ያንተ ስም አልነበረበትም። «ነን» ማለቷ ይበቃኝ ነበር።

ያ ደብዳቤህ የመጣ ቀን ሮላንድ ማፍያ ቤቱ ውስጥ ነበር። ከእጄ ነጥቆ ጮክ ብሎ አነበበው። «ሰውየው አብዷል» አለ። «ስንት ዘመን ሽሮፕሽን ልሶ ልሶ፣ አሁን ጫካዬ አትግቢ? መርከብ ተሳፍሬ ሄጄ በዚህ በአንካሳው እግሬ ነው የምረግጠው።» እኔ ፊቴን ወደ እንፋሎቱ አዞርኩ። እያለቀስሁ መስሎት «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይለኝ ጀመር። የሆነውን ልነግረው አልቻልኩም።

ሚስተር ሆባርት ግን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ አጣጥፈው እንደ ጸሎት መጽሐፍ በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። «እንዲህ ያለ ጨዋ ስድብ አይቼ አላውቅም» አሉ። «ይቺን ደብዳቤ ደህና ቦታ አስቀምጫት። ከዚህ በፊት የተጻጻፋችሁትን እኔ አላየሁም፤ አንቺም አላሳየሽኝም።» እሳቸው ካረፉ አምስት ዓመት ሆናቸው። ቢሯቸውን የያዘችው ወጣት ጠበቃ ናት፤ ጫካው በስሜ እንዲመዘገብ ለፍርድ ቤት የምታቀርበውን ማመልከቻ አዘጋጅታለች። ከፍርድ ቤቱ ወረቀት ሲደርስህ እንዳትደነግጥ።

ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽህም። በሩ ክፍት እንደነበረ አውቅ ነበር። ብትቸገር፣ ብትናደድ፣ ሰው ቢመክርህ፣ አንድ ክስ ብቻ ይበቃህ ነበር። አንድ ጸደይ፣ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ጊዜ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ የሚያደርሰው የሸሪፉ መኪና ወደ ማፍያ ቤቱ እየወጣ መጣ። ባልዲው ከእጄ ወደቀ። ወጣቱ ፖሊስ ወርዶ «ሚስ ኮርሊስ፣ ቡናማ ውሻ አላዩም?» አለኝ። ፊቴን አይቶ «ምነው እንዲህ ነጡ?» ብሎ ወንበር አቀረበልኝ። አንድ ሙሉ ማሰሮ ሽሮፕ አሳረርኩ የዚያን ቀን።

በየዓመቱ የመጀመሪያውን ጋሎን ለይቼ አስቀምጥ ነበር፤ የምልክበት ሳጣ ሮላንድ «እንግዲያው ባለጫካው እኔ ነኝ» እያለ ይወስደው ነበር። ዘንድሮ ግን ከለከልኩት። «ለማን ነው?» ቢለኝ «ገና አልታወቀም» አልኩት።

ትናንት ማለዳ ብቻዬን ወደ ጫካው ወጣሁ። ጊዜው ሲሞላ አንድ ነገር የሚሆን መስሎኝ ነበር መሰል፤ ከወደቀው ሜፕል ጉቶ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ምንም አልሆነም። ቡቃያው ቀይ ነው፣ ከድንጋዮቹ ሥር በረዶ ቀርቷል፣ የምንጩ ውሃ ይወርዳል። ማንም አልመጣም። ማንም አልፈረመም። አንተ ከዚያ ዛፍ ከሌለበት ደሴት ሆነህ ዝም አልክ፣ እኔ እዚህ ሆኜ ሠራሁ፣ ከሁለታችን አንዳችንም የየአባታችንን ቃል አላፈረስንም፤ እና ከበታቼ ያለው መሬት፣ አንድ ጠጠር እንኳ ሳይነቃነቅ፣ ሌላ መሬት ሆነ። ተነሥቼ ለመራመድ እግሬ ፈራ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንደዚያ ቀስ ብዬ ሄጄ አላውቅም።

ቤት ስመለስ ያን የመጀመሪያ ጋሎን አውጥቼ፣ ለባለዛፍ እንደሚደረገው፣ የራሴ ደረጃ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ የራሴን በር አንኳኩቼ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ ገባሁ። ሮላንድ በምርኩዙ ቆሞ ያየኝ ነበር። «አሁንስ አንቺም አበድሽ» አለኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። «ያን ሰውዬ ረግጨው ቢሆን ኖሮ» ብቻ ነው ያለው።

ከዚህ ጋር አንድ ጋሎን ልኬልሃለሁ። ከመጀመሪያው ፍል አይደለም፤ ከሁለተኛው ነው፣ ጠቆር ይላል። የዛፎቹ አይደለም፣ አልደን። ለማንም የሚመሰክረው ነገር የለም። ባዶውን ቆርቆሮም መመለስ የለብህም።

ይኼኛው ስጦታ ነው። ለኢንጋ ገንፎው ላይ ሳትሰስት አፍስስላት።

እህትህ ሮዳ